የወይዘሮ ሆልም ሙቀት

ፕሬበን ክቪስት የወደቀው አንድ የኅዳር ጠዋት ዳቦ ቤቱ በር ላይ ነው፤ የገዛውን ጥቁር ዳቦ እንኳ ከብብቱ አልለቀቀውም ነበር አሉ። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቲቦሮን ወደብ ላይ የዓሣ ማቀዝቀዣ ክፍሎችን ሲጠግን የኖረ፣ ትዳር ያልያዘ፣ ሦስት ቃል ከበቃው አራተኛውን የማይጨምር ሰው ነበር። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ነፍሱ ተርፋለች፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን አልታዘዝ አሉት፣ አንደበቱም ተሳሰረ።

እኔ የማወራችሁ በይበልጥ ስለ እህቱ ስለ ቶቬ ነው። ከቶቬ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል፤ ጡረታ ከወጣንም በኋላ ቤቷ ከእኔ ቤት የሚርቀው ሁለት በር ብቻ ነው። ከወንድሟ በአራት ዓመት ታንሳለች። ደብዳቤ በየሣጥኑ፣ ቁልፍ በየመንጠቆው ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። "አላውቅም" የሚለውን ቃል ከአፏ የሰማሁት ከዚያ የብርድ ወቅት ወዲህ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ልትጠይቀው ሆስፒታል ስትገባ ፕሬበን በግራ እጁ እጇን ጭምድድ አድርጎ ያዘና "ሆልም" አላት። "ሆልም። ሆልም።" ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ቶቬ ወዲያው ገባት። ወይዘሮ ሆልም የወንድሟ እባብ ናት። ወፍራም፣ ቡናማና ጥቁር ዝንጉርጉር፣ ርዝመቷ ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚያልፍ ዘንዶ፤ ሰው አትነካም፣ ስትፈራ እንደ ኳስ ተጠቅልላ ራሷን መሐል ትደብቃለች። ስሟን ያወጣላት በልጅነታቸው ሒሳብ ታስተምራቸው በነበረች መምህርት ነው፤ ያቺም ዐይኗን ሳታርገበግብ ነበር ልጅ ላይ የምታፈጠው።

"እሺ፣ እሺ፣ እጠብቅልሃለሁ" አለችው ቶቬ። ሌላ ምን ትበለው?

ወደ ቤቱ አብረን ሄድን። ብቻዬን አልገባም ስላለች ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ወንድሟን ልትጠይቅ ስትሄድ ቡናዋን የምትጠጣው ወጥ ቤት ተቀምጣ፣ እባቧ ያለችበትን የመኝታ ክፍሉን በር አስዘግታ ነበር።

"ዩተ፣ አንቺ ቅደሚ" አለችኝ በሩ ላይ።

"የማን ወንድም ነው?"

"ወንድሙስ የእኔ ነው። እባቧ ግን የእኔ አይደለችም።"

ቀደምኩ። ክፍሉ ውስጥ አልጋ የሚያክል፣ ፊቱ መስታወት የሆነ የእንጨት ሣጥን አለ። ወለሉ ላይ የተከተፈ የዛፍ ቅርፊት ተነጥፏል። በስተግራ ጣሪያው ላይ ብርሃን የሌለው፣ ሙቀት ብቻ የሚሰጥ የሸክላ ማሞቂያ በሽቦ ወንፊት ተከልሎ ተንጠልጥሏል፤ በስተቀኝ የውሃ ሳህን ተቀምጧል፤ በሁለቱም ጫፍ የምትደበቅበት ጎጆ መሳይ ነገር አለ። ወይዘሮ ሆልም ከግራው ጎጆ አፍንጫዋን ብቻ አውጥታ ታየናለች።

ችግሩ የጀመረው ቶቬ ቁጥሮቹን ማንበብ ስትጀምር ነው። ከሣጥኑ ውጭ ግድግዳው ላይ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋ ቴርሞስታት ተሰቅሏል፤ ቀዩ ቁጥር ሠላሳ ስድስት ይላል። መስታወቱ ላይ ከውስጥ የተለጠፈች ትንሽ ቴርሞሜትር ሃያ ሰባት ትላለች። ከበስተኋላ ደግሞ ባለ መርፌ ክብ ቴርሞሜትር አለ፤ እሱ ሠላሳ ላይ ቆሟል።

"የቱ ነው ትክክለኛው?" አለችኝ።

"እኔ ምኑን አውቄ?"

"ሦስቱም በአንድ ሣጥን ውስጥ ሆነው እንዴት ሦስት ነገር ይናገራሉ?"

በማግሥቱ ጎረቤት ከተማ ሌምቪ ወርዳ ከቤተ መጻሕፍት ስለ እባብ አያያዝ የሚናገር መጽሐፍ ተውሳ መጣች። እባብ እንደ እኛ ከውስጧ ሙቀት አታወጣም፤ ሲበርዳት ወደ ሞቃቱ ጫፍ፣ ሲሞቃት ወደ ቀዝቃዛው እየሄደች ነው ራሷን የምታስተካክለው። ሞቃቱ ጫፍ ሠላሳ ሁለት፣ ቀዝቃዛው ሃያ ስድስት ይሁን ይላል መጽሐፉ። ቶቬ እርሳስ አውጥታ ከሥሩ አሰመረችበት፤ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ላይ ስታሰምር ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ሠላሳ ስድስት!" አለች። "ያ ሰው እባቧን ሊቀቅላት ነበር እኮ! አየሽ፣ ከመውደቁ በፊትም ጭንቅላቱ ልክ አልነበረም ማለት ነው።"

ቴርሞስታቱን ወደ ሠላሳ ሁለት ዝቅ አደረገችው። ደግሞም ማንም የማይተኛበትን ቤት ለምን አሞቃለሁ ብላ ክፍሉን የሚያሞቀውን ራዲያተር እስከ ግማሽ ዘጋችው። ደስ ብሏት ወጣች። ነገር ቦታ ቦታውን የያዘ መስሏት ነበር።

አይጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፕሬበን የእባቧን ምግብ፣ የሞቱ አይጦችን፣ ፍሪዘር ውስጥ፣ በአተርና በዳቦ መሐል፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጠው። ቶቬ መጽሐፉ እንዳለው አንዱን በሙቅ ውሃ አቀለጠችው። ስታቀልጠው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። ከዚያ በረጅም መቆንጠጫ ይዛ ዐይኗን ጨፍና ወደ ሣጥኑ ዘረጋችው።

"በላች?" አለችኝ ዐይኗን ሳትገልጥ።

"አልበላችም።"

"አሁንስ?"

"ፊቷን አዞረች።"

በሚቀጥለው ሳምንትም ፊቷን አዞረች። በሦስተኛውም። ወይዘሮ ሆልም ከማሞቂያው ሥር አልነቃነቅ ብላ ጥቅልል ብላ ትውላለች። "ተመችቷታል" አለች ቶቬ፤ ድምፅዋ ግን እኔን የምትጠይቅ ይመስል ነበር።

በዚያ መሐል ፕሬበን ከሆስፒታል ወጥቶ ሌምቪ ወዳለው ማገገሚያ ቤት ተዛወረ። ቶቬ በየሁለት ቀኑ በትንሿ ባቡር ትመላለሳለች። አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ ነበር። ፕሬበን መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀን፤ ፀጉሩን አበጥረውለታል።

"ስማኝ" አለችው ቶቬ ጎንበስ ብላ። "ወይዘሮ ሆልም እህል አልቀምስ ብላለች። ሙቀቱን ሠላሳ ሁለት ላይ አድርጌዋለሁ። ልክ ነው?"

የፕሬበን ፊት ተለዋወጠ። "አይ" አለ። "አይ፣ አይ። ቀዝቃዛ።"

"ምን?"

"ቀዝቃዛ! ቀዝቃዛ!" በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ይደበድባል። አንዲት ነርስ አንገቷን በበሩ አስገብታ አየችን።

"እሺ በቃ፣ አትቆጣ፣ ቀዝቃዛ ብለሃል" አለችው ቶቬ። ወጥተን ባቡር ስንጠብቅ "አሁንም ሞቋታል ማለት ነው" አለችኝ፤ ያን ዕለት ከሰዓት ወደ ሠላሳ አወረደችው።

በሚቀጥለው ጉብኝት ሊሰሎት የምትባለው የንግግር ባለሙያ ኮሪደር ላይ አስቆመቻት። ቀልጠፍ ያለች፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ የምትሰካ ሴት ናት።

"ቶቬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ወንድምዎ እርስዎ የሚሉትን ሁሉ ይረዳሉ። የሚወጣው ቃል ግን አንዳንዴ የፈለጉት አይደለም። ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው የሚወጣው። አዎ ለማለት አይ፣ ቀን ለማለት ማታ፣ ሙቅ ለማለት ቀዝቃዛ።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ አይደለም።"

"መቼ መቼ ነው?"

ሊሰሎት ትከሻዋን ነቀነቀች። "እሱን ባውቅ እኮ ሥራዬ ቀላል ነበር።"

ቶቬ በቀጥታ ወደ እኔ ቤት መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገብታ ተቀመጠችና ከጠረጴዛው ላይ አሮጌ ፖስታ አንስታ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች።

"እስቲ አብረሽኝ አስቢ" አለች። "ቀዝቃዛ አለኝ። የምሩን ቀዝቃዛ ማለቱ ከሆነ፣ በርዷታል ማለቱ ነው። ስለዚህ ልጨምር።"

"ጨምሪ።"

"ቆይ። ወይም ደግሞ አቀዝቅዢላት ማለቱ ነው። ስለዚህ ልቀንስ።"

"እሺ፣ ቀንሺ።"

"ቃሉ ተገልብጦበት ከሆነ ግን ሙቅ ሊል ነው የፈለገው። ሞቋታል ሊለኝ ከሆነ ልቀንስ፤ አሙቂላት ሊለኝ ከሆነ ልጨምር።"

ፖስታውን አየሁት። "ሁለቱ ጨምሪ፣ ሁለቱ ቀንሺ ይላሉ።"

"አይደል? እኔም እሱ ነው የወጣልኝ።" እርሳሱን አስቀመጠች። "መጀመሪያ ደግሞ አይ ብሎኛል። አይ ያለው አዎ ለማለት ከሆነ፣ ሠላሳ ሁለት ልክ ነው ማለቱ ነበር። ልክ ከሆነ ታዲያ ምን አስቆጣው?"

የሄሪንግ ዓሣ በዳቦ አቀረብኩላት፤ ሳትበላው ቀረች።

በመጨረሻ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? ሠላሳ አንድ ላይ አቆመችው። በሠላሳና በሠላሳ ሁለት መሐል። "ቢያንስ ብዙ አልሳሳትም" አለች።

ሊሰሎት ቃል ይቅርና ያሳይዎት ብላ ስለመከረቻት ቶቬ የሣጥኑን ፎቶ በስልኳ አንስታ ወሰደችለት። ፕሬበን ወይዘሮ ሆልምን ሲያይ እንባው መጣ። በመዳፉ ጠርጎ ስልኩን ተቀበላትና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። የሣጥኑ ጣሪያ ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ጣቱን ወደ ወለሉ አወረደው። ቀና ብሎ አያትና አራት ጣቱን ዘረጋላት።

"አራት" አለች ቶቬ።

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

"አራት ምን? አራት ዲግሪ? አራት ዲግሪማ ሞታ ትቀራለች!"

እንደገና ከላይ ወደ ታች፣ እንደገና አራት ጣት። ሦስተኛ ጊዜ ሲያሳያት ዐይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ሒሳብ ላልገባት ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው። ቶቬ ሠርታበት አደረች። በየአራት ቀኑ አብያት? አራት አይጥ ስጫት? ጧት በአራት ሰዓት? ነገሩን ለእኔ ስትነግረኝ እኔም አራት ዓይነት ግምት ሰጠኋት፤ አንዱም ልክ አልነበረም።

ገና አለፈ። ዳክዬውን እኔ ቤት በላን፤ ፕሬበንን በተሽከርካሪ ወንበር አምጥተውት ነበር፣ ድንቹን እየመረጠ በላ። የባሕሩ ነፋስ ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት በረዶና አሸዋ ቀላቅሎ መስኮት ይደበድብ ጀመር። በጥር መባቻ አንድ ቀን ቶቬ ስልክ ደወለችልኝ።

"ዩተ፣ እባብ ያስነጥሳታል?"

"ምን አውቃለሁ!"

"ሲር ሲር ትላለች። አፏን ትከፍታለች። አፍንጫዋ ላይ አረፋ አይቻለሁ።"

ስደርስ ሣጥኑ ፊት ተንበርክካ አገኘኋት። ወይዘሮ ሆልም ራሷን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ አፏን በትንሹ ከፍታ ትተነፍሳለች፤ ድምፅዋ የፈላ ማንቆርቆሪያ ከሩቅ ሲሰማ ይመስላል። ቶቬ አልቅሳለች። ለእባብ ያለቀሰች መሆኗን አይታ ደግሞ በራሷ ተናዳለች።

"የሚያውቅ ሰው የለም እንዴ?" አልኳት። "ወንድምሽ ጓደኛ የለውም?"

"ማን አለው! ፍሪጁ በር ላይ አንዲት ቁጥር አለች፣ እሷም የተጣላት ሴት ናት መሰለኝ።"

ሄጄ አየሁት። በፕሬበን ጠማማ ጽሕፈት "ሲሰል እባቧ" ይላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር።

"ቶቬ!"

"ምን?"

"ስድብ አይደለም እኮ ይሄ! የእባብ ሰው ናት ማለቱ ነው!"

ቶቬ ወረቀቱን ደግማ አነበበችው። "እኔ ደግሞ ምን አድርጋው ይሆን እያልኩ ሁለት ወር ሙሉ ሳዝንለት ነበር" አለች።

ሲሰል ስትሩየር ከተማ የምትኖር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራ፣ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ናት። ስድስት እባብ አላት። የእባብ አርቢዎች ማኅበር ውስጥ ከፕሬበን ጋር ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል አለች፤ መታመሙን የሰማችው ግን ከእኛ ነው። በዚያው ቅዳሜ ቀትር ላይ በመኪናዋ መጣች።

"እርስዎ ነዎት ቶቬ?"

"አንቺ በይኝ። እርስዎ ለመባል ዛሬ ፊት የለኝም።"

ሲሰል ከቦርሳዋ ሽጉጥ የሚመስል ነገር አወጣች። ወደ አንድ ነገር ሲነጣጠር ቀይ ነጥብ ይጥልና ነጥቡ ያረፈበትን ቦታ ሙቀት በቁጥር ያሳያል። የሣጥኑን መስታወት ገፋ አደረገችና ማሞቂያው ሥር፣ ወይዘሮ ሆልም የምትተኛበት ቅርፊት ላይ ተኮሰች። ሃያ ሰባት። በቀኝ በኩል ውሃው ጎን ተኮሰች። ሃያ አንድ።

"ይቺ እባብ በርዷት ነው" አለች።

"ማሽኑ እኮ ሠላሳ አንድ ይላል!"

"ማሽኑ የሚለካው የሽቦው ጫፍ ያለበትን ቦታ ነው። ጫፉ የት እንዳለ አይተሻል?"

ቶቬ ጎንበስ ብላ አየች። ከቴርሞስታቱ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ በሣጥኑ ጀርባ ገብቶ፣ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ጣሪያው ላይ ከማሞቂያው አንድ ስንዝር ርቆ በብረት ማቀፊያ ተጣብቋል። ሁለት ወር ሙሉ ሣጥኑን ስታይ ሽቦውን እንደ ሽቦ ብቻ ነበር ያየችው።

"እዚያ ላይ ሠላሳ አንድ ነው" አለች ሲሰል። "እባቧ ግን ጣሪያ ላይ አትተኛም። ፕሬበን ስንት ላይ አድርጎት ነበር?"

"ሠላሳ ስድስት" አለች ቶቬ።

"ልክ ነዋ። ላይ ሠላሳ ስድስት ሲሆን ታች ሠላሳ ሁለት ይመጣል። የአራት ልዩነት አለው።"

ቶቬ የፕሬበን አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ከላይ ወደ ታች የወረደው ጣት፣ የተዘረጉት አራት ጣቶች፣ የተጨፈነው ዐይን፣ ሁሉም በአንዴ የመጣባት መሰለኝ። "ነግሮኝ ነበር" አለች። "ቁልጭ አድርጎ ነግሮኝ ነበር።" ከዚያ ደግሞ ቱግ አለች። "ታዲያ ጤነኛ ሰው ሽቦውን እባቧ የምትተኛበት ቦታ አያደርገውም? ሠላሳ ሁለት የሚለው ሠላሳ ሁለት እንዲሆን?"

"አድርጎት ነበር። አንድ ጊዜ እየጎተተች ወስዳ ውሃ ሳህኗ ውስጥ ከተተችው። ሽቦው ሁልጊዜ ብርድ ስለሚሰማው ማሞቂያው አልጠፋ ብሎ ሣጥኑ ምድጃ ሆነ። በሰዓቱ ባይደርስ ሞታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው የማትደርስበት ቦታ የሰቀለው።"

"ያኛውስ? ክቡ? ሠላሳ የሚለው?"

ሲሰል ጣቷን አስገብታ ክቡን ቴርሞሜትር ኳ ኳ አደረገችው። መርፌው አልነቃነቅ አለ። "እሱ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።"

"ለምን አላወጣውም?"

"አላውቅም። እኔም ጠይቄው ነበር።"

መስታወቱ ላይ ያለችው ትንሿ ብቻ ሐቀኛ ነበረች፤ እሷም የምትናገረው ስለ መስታወቱ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሃያ ሰባት ያለችው፣ በዚያን ቅዳሜ ሃያ ሁለት ትል ነበር። ቶቬ ይህንን በየቀኑ አንብባ ማስታወሻዋ ላይ ጽፋዋለች። ቁጥሩ ሲወርድ አይታለች፤ ከሦስቱ የቱን እንደምታምን ስላላወቀች ሦስቱንም እኩል ነበር የተጠራጠረችው። ሲሰል "ይሄንን ማን ዘጋው?" እያለች ራዲያተሩን ከፈተችው።

ቴርሞስታቱ ወደ ሠላሳ ስድስት ተመለሰ። ሰኞ ዕለት ወይዘሮ ሆልም በትራስ ልብስ ውስጥ ተቋጥራ፣ ትራስ ልብሱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ በሲሰል መኪና ወደ እንስሳት ሐኪም ተወሰደች። የሳንባ ብርድ ነው ተባለ። በየሦስት ቀኑ መርፌ ታዘዘላት። መርፌውን ሲሰል ስትወጋ መያዝ ያለባት ቶቬ ናት።

"መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ" አለቻት ሲሰል፤ "ከዚያ ከሥር ደግፊያት። አትጨብጫት፣ ደግፊያት ብቻ።"

ቶቬ ፊቷን ጨምድዳ እጇን ዘረጋች። ከዚያ ጭምድዱ ተፈታ። "ደረቅ ናት!" አለች። "ዩተ፣ ደረቅ ናት እኮ! ዕድሜዬን ሁሉ የምታሙለጨልጭ እየመሰለችኝ። እንደ ጥሩ ቆዳ ቦርሳ ናት።" ወይዘሮ ሆልም ምላሷን አውጥታ የቶቬን ሰዓት አሸተተች።

የሚቀጥለው ጉብኝት ከባድ ነበር። ቶቬ ባቡር ውስጥ የምትለውን ስትለማመድ ሄደች። ፕሬበን ፊት ቆማ፣ እንደ ተማሪ እጇን አጣምራ፣ አንድ ሳታስቀር ነገረችው፤ ሠላሳ ስድስቱን እንዴት ዝቅ እንዳደረገች፣ ራዲያተሩን፣ ሠላሳ አንዱን፣ አረፋውን፣ መርፌውን።

ፕሬበን እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ ከንፈሩን አስተካክሎ፣ አንድም ፊደል ሳይሳሳት፣ "ጅል" አላት።

በሩ አጠገብ የነበረችው ሊሰሎት አጨበጨበች። "ቶቬ፣ ሰማሽ? ይቅርታ፣ ሰሙ? በትክክል ነው ያሉት! ከወደቁ ወዲህ የመጀመሪያው ጥርት ያለ ቃል ነው!"

"ተገልብጦ ይሆናል" አለች ቶቬ። "ብልህ ሊለኝ ፈልጎ።"

ፕሬበን ግራ ጎኑን ይዞ ሳቀ። ሲስቅ ፊቱ በአንድ በኩል ብቻ ነበር የሚነሳው፤ ቶቬ ግን ያን ዕለት አላስተዋለችውም።

ወይዘሮ ሆልም እህል የቀመሰችው በየካቲት አጋማሽ ነው። እኔ አልነበርኩም። ቶቬ እንደነገረችኝ መቆንጠጫውን ገና ሳትዘረጋው አይጡን ነጥቃ ወሰደችባት፤ ቶቬ ጮኻ ወደ ኋላ ስትወድቅ ፍሬ የያዘውን ሳህን ሰበረች። እየሳቀች ደወለችልኝ፤ የምትስቅበትን ምክንያት ስጠይቃት "እንጃ" አለችኝ።

በሚያዝያ ፕሬበን ምድር ቤት ላይ፣ በሩ ሰፊ የሆነ፣ ረዳት በቀን ሁለት ጊዜ የሚመጣበት ቤት ተሰጠው። ሣጥኑን እኔ፣ ቶቬ፣ ሲሰልና የሲሰል ባል ተሸክመን አስገባነው። አሁን ሁሉ ነገር ያለቀ መስሎን ነበር። የለም፤ አዲሱ ክፍል ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያስገባል። ልዩነቱ አራት መሆኑ ቀርቶ ጧት አምስት፣ ከሰዓት ሁለት ሆነ። ቶቬ ሲሰል ያዋሰቻትን ሽጉጥ ይዛ ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ የእባቧን ጀርባ እየተኮሰች መጻፍ ጀመረች። ፕሬበን በግራ እጁ ሽጉጡን ይቀማትና ቡናውን፣ ዳቦ ላይ የሚቀባውን ጉበት፣ የእሷን ግንባር ይተኩሳል።

"ሠላሳ አራት" ትለዋለች ቁጥሩን አንብባ። "አየህ፣ እኔም በርዶኛል።"

አንድ ቀን ጠየቀችው። ዕድሜህን በሙሉ ዓሣ ስታቀዘቅዝ ኖረህ፣ እባብ ማሞቅ ምን አስመኘህ አለችው። ከፕሬበን አፍ ብዙ ቃላት መጡ፤ መርከብ፣ ማክሰኞ፣ እማዬ፣ ጨው። አንዱን ከአንዱ ልታያይዝ ሞከረች፤ አልተያያዘላትም። ሲጨርስ ግን ሁሉንም እንደነገራት ሰው ወንበሩ ላይ ደገፍ አለ።

"ምን ማለቱ ነው?" አልኳት።

"አላውቅም። ገባኝ አልኩት።"

"ሳይገባሽ?"

"ምን ልበለው ታዲያ?"

ባለፈው ሐምሌ ነፋሱ ለሦስት ቀን ቆሞ ነበር፤ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይታይም። በሁለተኛው ቀን ቶቬ ከፕሬበን ቤት ለሲሰል ስትደውል እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ማሞቂያው ሞቷል አለቻት። ከጧት ጀምሮ አልበራም፤ እጄን ዘረጋሁበት፣ ቀዝቅዟል፤ አሁኑኑ ነይ። ሲሰል በስልኩ ውስጥ ምን እንዳለቻት ሁላችንም ሰማን።

"ቶቬ፣ ክፍሉ ውስጥ ስንት ዲግሪ ነው?"

ቶቬ ሽጉጡን ግድግዳው ላይ ተኮሰች። "ሠላሳ ሦስት።"

"ሣጥኑማ ከክፍሉም በላይ ሞቋል እኮ። ማሞቂያው ምን ሊሠራ ይበራል? ይልቅ መስኮት ክፈቺ፣ ቀዝቃዛ ጫፍ ያስፈልጋታል።"

ቶቬ ስልኩን ዘጋችና መስኮቱን ከፈተች። ትንሽ ቆይታ ነፋስ ቢነሳ ብላ ዘጋችው። ፕሬበን ከወንበሩ ላይ ሆኖ ያያታል። መልሳ ግማሽ ከፈተችው፤ ሽጉጡን አንስታ ሣጥኑ ፊት ተንበረከከችና በስተቀኝ፣ ውሃው ጎን፣ ወይዘሮ ሆልም ተዘርግታ የተኛችበትን ቦታ መለካት ጀመረች።